የሌለው ድልድይ ምርቃት

እኔ ስፈራ እስቃለሁ። ሌላው ሰው ሲፈራ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ምላሱ ይደርቃል፤ እኔ ግን ከሆዴ አንድ ነገር ይነሳና ሳልፈልግ እንከተከታለሁ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ በጸሎት መሃል ስንት ጊዜ ከአዳራሽ እንደተባረርኩ አብሮ አደጎቼ ያውቃሉ። እናቴማ ዘመድ ሲሞት "ይህቺ ልጅ ታሳፍረናለች" እያለች ከለቀስተኛው ኋላ ትደብቀኝ ነበር። ስለዚህ ውድ አንባቢዎቼ፣ የምነግራችሁን ስትሰሙ ደፋር አድርጋችሁ እንዳትቆጥሩኝ አደራ። ያን ቀን ያደረግኩትን ሁሉ ያደረግኩት በፍርሃት እየሳቅኩ ነው።

ዘመኑ የንጉሡ ነው። ነቀምቴ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ገና በሙከራ ላይ ያለሁ አስተማሪ ነበርኩ። የተወለድኩት ወደ ኑኑ ቁምባ በሚወስደው በኩል፣ ከኬሎ ወንዝ ማዶ ነው። ኬሎ በበጋ ሕፃን የሚጫወትበት ውሃ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ጠባዩ ይለወጥና ማዶና ማዶ ያለን ሰዎች በእጅ ምልክት ብቻ የምንነጋገር እንሆናለን። ለትምህርት ወደ ከተማ ስሄድ በጎረምሳ ትከሻ ላይ ተፈናጥጬ ነበር የምሻገረው፤ ያን ጊዜም እስቅ ነበር።

አገሬው ለኬሎ ድልድይ በየቤቱ አዋጥቶ ነበር። መንግሥትም በጀት ጨመረበት። የድልድይ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ግራዝማች ታደለ የሚባሉ መልከ መልካም ሰው ሰብሳቢ ሆኑ፣ ድንጋይም በወንዙ ዳር ተከመረ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ቀዘቀዘ። የተከመረው ድንጋይ እንኳ ቀስ በቀስ እግር አውጥቶ ሄደ፤ ከተማ ውስጥ የሚያምር የግንብ አጥር ሆኖ አየነው የሚሉም ነበሩ።

ከወረዳችን የተመረጡት የሕዝብ እንደራሴ ኦቦ ዲንሳ ይባላሉ። እኔንም ያስተማሩኝ የቀድሞ መምህር ናቸው፤ ሰው በድምፃቸው ብቻ ነው የመረጣቸው እስኪባል ድረስ ድምፃቸው ትልቅ ነበር። አዲስ አበባ ምክር ቤቱ ውስጥ ተነሡና "የኬሎ ድልድይ በጀት የት ደረሰ?" ብለው ጠየቁ። መልስ ሊሰጡ የቀረቡት ባለሥልጣን ከኮሚቴው የተላከላቸውን ሪፖርት ገልጠው፣ ድልድዩ ተጠናቅቆ ሕዝቡን እያገለገለ ነው አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አንዱ እንደራሴ፣ ድልድይ የጠፋበት ሰው ዛሬ ገና አየን ብሎ አሾፈ ይባላል።

ኦቦ ዲንሳ እልኸኛ ናቸው፤ አልተቀመጡም። በመጨረሻ ምክር ቤቱ አጣሪ ኮሚቴ እንዲላክ ወሰነ፤ ነገር ግን ድልድዩ ከተገኘ ኦቦ ዲንሳ እዚያው ቆመው በመንግሥት ላይ ሐሜት በማውራታቸው ይቅርታ ሊጠይቁ ሆነ። እኛ አገር ይህ ወሬ ሲደርስ ሰው ተጨነቀ። የሳቸው ውርደት ብቻ አልነበረም የታሰበን። እሳቸው ይቅርታ ከጠየቁ ከእንግዲህ ከኛ ወገን ተነሥቶ የሚጠይቅ ሰው አይኖርም።

አጣሪዎቹ ነቀምቴ በገቡ ማግስት ጠዋት፣ ክፍል ውስጥ ማባዛት እያስተማርኩ ሳለ መልእክተኛ መጣ። የመንግሥት አስተርጓሚው አቶ ጉርሜሳ ኮሶ ጠጥተዋል፤ ግራዝማች በአስቸኳይ ይፈልጉሻል አለኝ። የዛሬ ልጆች አታውቁትም፤ በዚያ ዘመን ኮሶ የጠጣ ሰው የሚደርስበት አልነበረም። አለቃውም አይጠራውም፣ አበዳሪውም አይጠይቀውም፣ ቤቱን ዘግቶ ከራሱ ጉዳይ ጋር ይውላል። አቶ ጉርሜሳ ግን በዚያው ሰሞን ጠጥተው እንደነበር ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ የኮሶ ትላቸው ከአጣሪ ኮሚቴው ጋር ቀጠሮ ነበራት ማለት ነው።

ግራዝማች ታደለ በትንሽ ከተማ ብዙ ወንበር ካላቸው ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ የትምህርት ቤቱ ቦርድ ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው። ሽቶ ሽቶ እየሸተቱ ተቀበሉኝ። ሥራው ቀላል ነው አሉኝ። እንግዶቹ የኬሎን ድልድይ ሲያዩ ኦቦ ሙለታ ይመርቃሉ፤ አንቺ ምርቃቱን ባማረ አማርኛ ታቀርቢያለሽ፣ በቃ። የቋሚነቴም ጉዳይ እሳቸው እጅ እንዳለ፣ ፊርማ ብቻ እንደቀረው በለሰለሰ ድምፅ አስታወሱኝ።

"ጌታዬ፣ እኔ እኮ የኬሎ ማዶ ልጅ ነኝ" አልኳቸው።

"እንግዲያው ከማንም በላይ ደስ ሊልሽ ይገባል።"

ይህን ሲሉኝ ዓይናቸው ዓይኔ ላይ እንደ ምስማር ተተከለ። ደነገጥኩ፤ ስደነግጥ ደግሞ ሳቄ መጣ። ግራዝማች ደስታ መሰላቸውና አብረውኝ ሳቁ። እዚያ ቢሮ ውስጥ ሁለታችን በየራሳችን ምክንያት እየሳቅን ቆምን፤ ከዚያ መኪና ግቢ ተባልኩ።

መኪናው ውስጥ ኦቦ ሙለታ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። እሳቸው በአካባቢው ሁሉ የሚታወቁ መራቂ ሽማግሌ ናቸው። ያለ እሳቸው ሠርግ አይሠረግም፣ አዲስ ቤት አይገባም። እንደ ልማዱ እርጥብ ሰርዶ፣ እኛ ጮቆርሳ የምንለውን፣ በእጃቸው ይዘዋል፤ መርቀው ሲጨርሱ የሚመረቀው ነገር ላይ ያኖሩታል። ቡሉኳቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያልነኩትን መኪና ጣሪያውን መታ መታ ያደርጋሉ።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ" አሉኝ በኦሮምኛ፤ "ኬሎ ድልድይ አገኘ አሉኝ። እግሬ ከከዳኝ ወዲህ ወደዚያ ወርጄ አላውቅም። ሳልሞት ይህን ልመርቅ ነው።"

ደስታቸው አንጀቴን በላው። ከጎናችን የግራዝማች ሰው ቁጭ ብሏል፤ ምን ልበላቸው? "ዋቃ ያቆይዎት" ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ሳቄን ለመዋጥ ነጠላዬን ነከስኩ።

መኪኖቹ ከከተማ ወጥተው ብዙም ሳይሄዱ ቆሙ። የቆምነው ሀሮ የሚባለው ወንዝ ላይ፣ አገር የሚያውቀው አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ጋ ነው። ይህ ድልድይ ከጣሊያን በፊት የተሠራ ነው፤ ከብት ሁሉ ስሙን ያውቀዋል። በዚያን ቀን ግን ከዳር እስከ ዳር ኖራ ተቀብቶ ሙሽራ መስሏል። ባንዲራ ተሰቅሏል፤ የሌላ ክፍል ተማሪዎች ተሰልፈው "ድልድያችን አዲሱ" የሚል መዝሙር ይዘምራሉ። ግጥሙን ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

የአጣሪዎቹ ሰብሳቢ ከጎጃም የተመረጡ፣ ፊታውራሪ መሸሻ የሚባሉ ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ ነበሩ። ወርደው ቆብ አነሡና አንድ ሕግ አወጡ። ጠያቂውም ተጠያቂውም ዝም ይበሉ፤ አብረዋቸው የመጡት ኦቦ ዲንሳም ግራዝማችም ከንፈራቸውን እንዳያንቀሳቅሱ፤ የአገር ሽማግሌ ይናገር፣ አስተርጓሚዋም ያለውን ብቻ ትናገር አሉ። ኦቦ ዲንሳ ያንን የሚያህል ድምፅ ሆዳቸው ውስጥ ታፍኖ፣ የባርኔጣቸውን ጠርዝ በጥርሳቸው ይዘው ቆሙ። ከአጣሪዎቹ አንዱ ጎልማሳ ደከም ብሎት ድልድዩን ተደገፈ፤ ሲነሳ ጥቁር ኮቱ ከጀርባው ነጭ ሆኗል። ኖራው ገና አልደረቀም ነበር።

ሁሉም ተሰልፎ ምርቃቱን ይጠብቃል። መራቂው ግን የለም። ኦቦ ሙለታ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጡ፣ ሰርዷቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊት ያያሉ። መዝሙሩ አለቀ፤ ልጆቹ እንደገና ጀመሩት፤ እንደገና አለቀ። ፊታውራሪ፣ ሽማግሌው ምነው አይወርዱም ብለው ጠየቁኝ። ሄጄ በበሩ አንገቴን አስገባሁ።

ኦቦ ሙለታ ቀና ብለው አዩኝና፣ "ለምን ቆምን? መኪናው ውሃ ጠማው?" አሉኝ።

አንባቢዎቼ፣ ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሽማግሌው መንገድ ላይ ለእረፍት የቆምን መስሏቸዋል። እኛ እሳቸውን እንጠብቃለን፣ እሳቸው መኪናው ጉዞውን እንዲቀጥል ይጠብቃሉ። ወደ ተሰለፈው ሕዝብ ስዞር ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሽማግሌው ደክሟቸው ነው፣ እዚሁ ሆነው ይመርቃሉ ብል ማንም አይጠይቀኝም። ምርቃቱን እንኳ እኔው ልፈጥረው እችል ነበር፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ነው። በቋሚነት ደሞዝ ለእናቴ ልገዛላት ያሰብኩት ሁሉ በዓይኔ ዞረ። በዚያው ቅጽበት ኦቦ ዲንሳ ክፍል ውስጥ ያስተማሩኝም ትዝ አለኝ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አልታወሰኝም። የታወሰኝ በጎረምሳ ትከሻ ላይ እንዳለሁ የኬሎ ውሃ እግሬ ድረስ መጥቶ ሲነካኝ ነው።

ሳቄ አመለጠኝ። በሳቁ መሃል አፌ ራሱ ተናገረ።

"ፊታውራሪ፣ 'ለምን ቆምን?' ነው የሚሉት። መኪናው ውሃ ጠምቶት እንደሆነም ይጠይቃሉ።"

ፊታውራሪ ደርሰናል በያቸው አሉኝ። ነገርኳቸው። የት ነው የደረስነው አሉ ሽማግሌው። ድልድዩ ጋ አልኩ። ኦቦ ሙለታ እየተገረሙ ወረዱ፣ በዱላቸው እየተመሩ ወደ ድልድዩ ጠርዝ ሄዱ፣ ኖራውን በጣታቸው ነኩና አሸተቱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ይህ ሀሮ ነው፣ ምነው ታመመ እንዴ፣ ለምን እንዲህ ነጣ አሉ። እሱንም ተረጎምኩ። እየተረጎምኩ ዕንባዬ ይወርዳል፤ ሆዴን ይዤ ነው የምናገረው።

ግራዝማች ሕጉን ጣሱ። ሽማግሌው ስላረጁ ተምታቶባቸዋል፤ ወንዙ አንድ ነው፣ ስሙ ነው ሁለት አሉ። ፊታውራሪ ቆጣ ብለው አይተዋቸው፣ እንዲህ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፣ ይመርቁና እንሂድ አሉ። ይህ ለግራዝማች መውጫ በር ነበር፤ ፊታቸው ወዲያው በራ። ምርቃት ከተሰማ ማጣራቱም አለቀ ማለት ነው። ለእንግዶቹ ማሳመሪያ ይሆናል ብለው ሽማግሌ ያስጠሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። በኛ ዘንድ የምርቃትን ነገር ግን ጠይቀው አያውቁም፤ ስንት ዓመት ወለጋ ኖረው "አካም ጅርቱ" ብሎ ሰላምታ ከመስጠት ያለፈ ኦሮምኛ አልነበራቸውም።

ይመርቁ መባሉን ለኦቦ ሙለታ ነገርኳቸው። ቡሉኳቸውን አስተካከሉ። ከዚያ እያንዳንዱን ቃል ለብቻው እያስቀመጡ እንዲህ አሉ።

"ይህን ድልድይ አባቴ መርቆታል። ሣሩን ሲያኖር ዱላውን የያዝኩለት እኔ ነበርኩ። የተመረቀውን ደግሜ ብመርቅ አባቴን ሐሰተኛ አልኩት ማለት ነው። ይህ ሰርዶ የኬሎ ነው። ኬሎ ላይ ድልድይ ካለ ውሰዱኝና ላኑርበት። ከሌለም ንገሩኝና ለላሜ ልስጣት።"

ተረጎምኩት። አንዲት ቃል አልቀነስኩም። "ለላሜ ልስጣት" ላይ ስደርስ ግን ሳቄ አሸነፈኝና ተቀመጥኩ፤ መሬት ላይ፣ ከነቀሚሴ። መጀመሪያ የሳቀው ኮቱ የነጣው ጎልማሳ ነው። ከዚያ የፊታውራሪ ጢም ተንቀሳቀሰ። ልጆቹም ለምን እንደሚሳቅ ሳያውቁ ተቀላቀሉ። ኦቦ ዲንሳ ባርኔጣቸውን ከአፋቸው አውጥተው ወንዙ እስኪያስተጋባ ሳቁ። ያልሳቁት ግራዝማችና ኦቦ ሙለታ ብቻ ናቸው፤ ኦቦ ሙለታ ምርቃት የሚያስቅ ነገር አልነበረምና ተቀይመውን ነበር።

ፊታውራሪ ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ኬሎ እንሂድ አሉ። ግራዝማች መንገዱ ለመኪና አይመችም ሲሉ፣ "ድልድይ የተሠራለት መንገድ?" ብለው ብቻ መለሱላቸው።

መኪናው እስከሚችለው ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ሽማግሌዎቹ በበቅሎ፣ ሌሎቻችን በእግር። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ኬሎ ጠግቦ ይፈሳል። ፊታውራሪ ዳር ላይ ቆመው ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ታች አዩ፤ ከዚያ ግራዝማችን እባክዎ ድልድዩን ያሳዩኝ አሏቸው። ግራዝማች ውሃውን ትክ ብለው አዩት፤ ከሥሩ ብቅ የሚል ነገር የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። በመጨረሻ ጎርፍ ወስዶት ይሆናል አሉ። ፊታውራሪ ኦቦ ሙለታን እንድጠይቅ አዘዙኝ። ሽማግሌው ጎርፍ ያላገኘውን አይወስድም አሉና የያዙትን ሰርዶ ለፊታውራሪ በቅሎ ሰጧት። በቅሎዋ በደስታ በላችው።

ፊታውራሪ እዚያ አላበቁም። ማዶ ያለውን ሕዝብ ሳልጠይቅ አልመለስም ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ጎረምሶቹ እንሸከምዎ ቢሏቸው፣ ሕዝቡ በየቀኑ የሚሻገረውን እኔ አንድ ቀን ብሻገር ምን እሆናለሁ ብለው ገቡበት፤ የኮታቸው ጫፍ ከኋላቸው ይንሳፈፍ ነበር። ማዶ ስንወጣ መንደሩ ሁሉ ዳር ላይ ቆሟል። እናቴ የኔን በሳቅ መንፈራፈር ከሩቅ አይታ ኖሮ እየሮጠች መጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

"ማን ሞቶ ነው?" አለችኝ በድንጋጤ።

ፊታውራሪ እርጥብ ሱሪያቸውን እየጨመቁ ሰው ሁሉ የሚለውን ሰሙ፤ እኔም እስኪመሽ አንድ ሳላስቀር ተረጎምኩ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። ግራዝማች ከኮሚቴው ወረዱ፤ ወንበር ግን ለእንደሳቸው ያለ ሰው አይጠፋም፣ ሌላ ቦታ ተቀመጡ። እኔ ደግሞ "ለሥራው ጥቅም ሲባል" ወደ አኖ ተዛወርኩ፤ ቋሚነቴም በዚያው ቀረ። እውነቱን ልናገር፤ ከፋኝ። አኖ የአዲስ አበባ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ማታ ማታ የሚያልፉትን መኪኖች እያየሁ የሳቄን ዋጋ አሰላ ነበር። አንዳንዴም አቶ ጉርሜሳ ብልህ ናቸው፣ እኔም ኮሶ ልጠጣ ይገባኝ ነበር እል ነበር።

ብዙ ወራት አለፉ። አንድ ቅዳሜ ኦቦ ዲንሳ ከአዲስ አበባ በሚመጣ አውቶቡስ አኖ ወረዱና ደጄን መቱ። ያ ትልቅ ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆኖ ነበር። ምክር ቤቱ ውስጥ ያንኑ ጥያቄ ደግመው አቅርበውት፣ የፊታውራሪም ሪፖርት ተነቦ፣ ባለሥልጣኑ ተነሥተው መልስ ሰጥተዋል።

"ምን አሉ?" አልኳቸው።

"አልተሠራም አሉ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። 'የኬሎ ድልድይ አልተሠራም' አሉ።"

በማግስቱ አብረን ወደ መንደሬ ሄድን። ኦቦ ዲንሳ ሕዝቡን ሰብስበው መልሱን ቃል በቃል ነገሩት። አንዲት አሮጊት እልል አለች። ወዲያው በሬ ተጣለ። ጎረምሶች ዱላቸውን እያነሡ ረገዱ፣ ልጃገረዶች ተቀበሏቸው፤ እናቴ ሳይቀር እጄን ይዛ መሃል ገባች። ያን ቀን ስስቅ አልከለከለችኝም።

ጭፈራው ደርቶ ሳለ፣ ነቀምቴ ሱቅ ያላቸው ጉራጌው ነጋዴ ጋሽ ሽኩር ዕቃ የጫነች በቅሏቸውን እየጎተቱ ከወንዙ ወጡ። ሱሪያቸው እስከ ጭን ርሷል። ይህን ሁሉ ደስታ አይተው ምን ተገኝቶ ነው ብለው ጠየቁኝ።

"ድልድይ የለም ተባለ፣ ጋሽ ሽኩር።"

"አለመኖሩንማ በቅሎዬም ታውቃለች።"

"አሁን ግን መንግሥትም አወቀ" አልኳቸው።

ጋሽ ሽኩር ሱሪያቸውን አዩ፣ ወንዙን አዩ፣ የሚጨፍረውን ሰው አዩ። ከዚያ በቅሏቸውን ዛፍ ላይ አሰሩና ተቀላቀሉን።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በፊት ጥያቄ ማለት መምህር ጠይቆ ተማሪ የሚመልሰው ነገር ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በማስተምርበት ክፍል ሁሉ ዓርብ ዓርብ ልጆቹ ይጠይቁኛል፣ እኔ እመልሳለሁ፤ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። መጀመሪያ ያፍራሉ፣ በኋላ ግን ማስቆም ያስቸግራል። እናንተም አንድ ቀን በሁለት ሰዎች መሃል ቆማችሁ ቃል እንድታቀብሉ ብትጠሩ፣ እንደኔ ፍሩ፤ ከፈለጋችሁም ሳቁ። ቃሉን ብቻ እንደተሰጣችሁ አድርሱት።

ድልድዩ ከዓመታት በኋላ ተሠርቷል፤ ጥሩ ድልድይ ነው፣ እኔም ተሻግሬበታለሁ። በተመረቀ ቀን ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ ጭብጨባም ነበር፣ ዘፈንም ነበር። የለም የተባለልን ዕለት የጨፈርነውን ያህል ግን አልጨፈርንም።